ከሥር ሆነው ያዩዋት አውሮፕላን

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ቀኖቹን ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዓመታት በፊት እዚህ ደብረ ብርሃን ያስተማርኩት፣ አሁን ጣልያን አገር የሚኖር አንድ ልጅ አለ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የታሪክ ደብተሩ ላይ መኪናና አውሮፕላን ሲሥል ስንት ጊዜ ነው እጅ ከፍንጅ የያዝኩት! ባለፈው ሰሞን ማታ ላይ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ከሮም ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ብራቻኖ የሚባል ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ የምትባል ቦታ አለች። የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም እዚያ ነው። የእረፍት ቀኑን ጠብቆ ሄዶ ኖሯል።

ቪዲዮው አንዲት አውሮፕላን ዙሪያ ይዞራል። ሦስት ሞተር ያላት፣ አንዱ አፍንጫዋ ላይ፣ ሁለቱ ክንፎቿ ላይ። ከአብራሪው ወንበር በስተኋላ ጀርባዋ ጎበጥ ብሏል። ታድሳ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ልክ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው። ልጁ ቀስ እያለ ከጅራቷ ወደ አፍንጫዋ ይመጣል። «ቲቸር፣ ሞተሩን ይዩት!» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመ ሰው። ቪዲዮው ሲያልቅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይቺ ነገር አምራኛለች። ግን የኛን ሰው የፈጀው ዘር ናት አይደል? ማማሯን ብናገር ነውር ነው?»

እውነቴን ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልመለስኩለትም። አስተማሪ ስትሆን የሚያስቸግርህ ከባዱ ጥያቄ አይደለም፤ ከልብ የተጠየቀው ነው። ለሱ የጻፍኩትን መልስ እናንተም ብታነቡት ብዬ ነው እዚህ የማሰፍረው።

መጀመሪያ ያየውን እንወቅ። አውሮፕላኗ ሳቮያ-ማርኬቲ 79 ትባላለች። ቅጽል ስሟ ስፓርቪዬሮ ነው፣ ጭልፊት እንደማለት። በጀርባዋ ጉብታ የተነሳ ወታደሮቹ «ጎባጣዋ» ይሏት ነበር። አጽሟ የብረት ቱቦ ነው፤ ክንፏ እንጨት፣ ልብሷ ደግሞ ስስ ብረት፣ ስስ እንጨትና ሸራ። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ተዋግታለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ቶርፔዶ እየጣለች መርከብ ታሰጥም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጣልያን ጥቂቶቹን ለሊባኖስ ሸጠች። ሙዚየሙ ውስጥ ያለችው ከሊባኖስ የተመለሰች ናት። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ቆማ የምትታየው ጡረታዋን ቤይሩት ያሳለፈች አሮጊት ናት።

በ1928ቱ ወረራ ይቺ ዓይነት አልነበረችም። ወደኛ የመጣችው በኋላ፣ ጣልያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች ጊዜ፣ በቁጥር ጥቂት ሆና ነው። አያቶቻችን ያወቋቸው ታላላቅ እህቶቿን ነው፤ ካፕሮኒ 101ን፣ 111ን፣ 133ን፣ ሳቮያ-ማርኬቲ 81ን። ካፕሮኒ 133 ሦስት ሞተር አላት፣ እግሯ አይታጠፍም፣ በዛሬ ዓይን ካየናት ዘገምተኛ ናት። ግን ፈጣን መሆን ለምን ያስፈልጋታል? የሚያባርራት አልነበረማ።

ለምን አልነበረም የሚል ካለ፣ ሰማዩን አናውቀውም ነበር ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበልልኝ። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ወረራው ሲጀመር የነበሩን አውሮፕላኖች ግን ከደርዘን ብዙም አያልፉም፤ ሥራቸውም መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ እንጂ ውጊያ አልነበረም። በዚያው በጦርነቱ ወራት፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች። አዎ፣ ያቺ በ2016 ጥር ወር ከጣልያን ተመለሰች ሲባል የሰማችኋት። ጣልያን በምርኮ ወስዷት ከሰማንያ ዓመት በላይ ከረመች። ተማሪዬ የቆመበት ሙዚየም ፀሐይ የኖረችበት ቤት ነው። የኛዋ ትንሽ ልጅ፣ ከነጭልፊት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር!

እንግዲህ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን መረብን ሲሻገር፣ በዚያው ቀን ዓድዋ ከአየር ተደበደበች። ኅዳር 26 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ያደረጉባት ደሴ ተደበደበች። ያን ቀን ጃንሆይ ራሳቸው ፀረ-አውሮፕላን መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከተመቱት ውስጥ ቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ይገኝበታል። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ በኩል መልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ተመታ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

የናቴ እናት የአንኮበር ሰው ናት። ጣልያን ሲገባ ከብት የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ያረፈችው፣ ነፍሷን ይማር። ስለ ጦርነት ብዙ አታወራም ነበር። አንድ ጠባይ ግን ነበራት፦ ነጭ ልብስ አጥር ላይ ማስጣት አትወድም። ነጠላዋን አጥባ ስታበቃ ደጅ አታሰጣም፤ ጎጆው ውስጥ ወይም ጣራው ክፈፍ ሥር ታንጠለጥለዋለች። እናቴ «ፀሐይ እያለ ምን ያደርጋል እማዬ!» ብላ ስትቆጣ ሰምቻለሁ። እኔም የአሮጊት ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር።

አንድ ቀን ግን ጠየቅኳት። «ነጭ ከላይ ይታያል» አለችኝ። በቃ። ትንሽ ቆይታ ጨመረችልኝ። በዚያ ዘመን ልብሳቸውን ጭቃና ቅጠል እያሹ ያጠይሙት ነበር። እንጀራ የሚጋገረው ሳይነጋ ነው፣ ጭስ እንዳይታይ። ድምፁ ሲሰማ ልጆች ጽድ ሥር ይገቡና ፊታቸውን መሬት ላይ ይደፉ ነበር፤ «ፊትም ያበራል» ይሏቸው ነበር ትልልቆቹ። «እና አውሮፕላኗን አየሻት?» አልኳት። ልጅ ነኛ፣ የምፈልገው ያንን ነው። «ሆዷን አየሁት» አለችኝ።

ተማሪዬ ቪዲዮውን ሲልክልኝ ትዝ ያለኝ ይኼ ነው። እሱ አፍንጫዋን፣ ሞተሯን፣ ቀለሟን አየ። አያቴ ሆዷን ነው ያየችው። ሁለቱም እውነተኛ አውሮፕላን ነው ያዩት።

ሦስተኛ ተመልካችም አለ፤ ከላይ የሚያየው። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በኛ ጦርነት አብራሪ ነበር። አገሩ ገብቶ ስለ በረራዎቹ መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ቦምቡ በፈረሰኞች መካከል ሲወድቅ ከላይ ያየውን፣ ሊፈካ ካለ ጽጌረዳ ጋር አመሳስሎ ጽፎታል። ሰዎቹ እኮ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው! ለሱ ግን አበባ ሆነው ታዩት። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁሌም ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሚያስፈራኝ ጭካኔው ብቻ አይደለም። ልጁ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር፤ ምናልባትም አንደበቱ የለሰለሰ፣ እናቱን የሚወድ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ሲያይ ግን የሰው ፊት አይታየውም።

ቀጥሎ መርዙ መጣ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ በኩል የነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጣለ። የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ እንጂ ሰናፍጭ የለበትም፤ ደግሞም ጋዝ ከመሆን ይልቅ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያም ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ውኃ ይቋጥራል፣ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ሣርና ውኃ ላይ ስለሚቆይም በባዶ እግሩ የሚሄድን ሰውና ከብት በኋላም ይይዛል። ለዚህ የተሠራው ዋናው ቦምብ ሲ 500 ቲ ይባላል። ክብደቱ 280 ኪሎ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 212 ኪሎ የሚሆነው መርዝ። መሬት ከመድረሱ በፊት፣ 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይፈነዳና መርዙን እንደ ዝናብ ይበትነዋል። ከዚህ ሌላ ከአውሮፕላን ላይ በመርጫ የሚረጭም ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለዓለም የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ አውሮፕላኖች ተከታትለው እየረጩ ጉሙ ሳይቋረጥ አገር እንደሸፈነ።

ጣልያን እኮ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቭ ስምምነት በ1917 ዓ.ም. ከፈረሙት አንዷ ናት። ከዚያ በኋላስ? ካደች። አንጄሎ ዴል ቦካ የሚባል የራሷ ልጅ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ መረጃውን ይዞ ለዓመታት ሲጮህ አገር ስም አጥፊ ተባለ። እዚህ ዘምቶ የነበረው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም» እያለ ሲሞግተው ኖረ። በ1988 ዓ.ም. የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር ለፓርላማው ጋዙን መጠቀማቸውን አመነ። ሞንታኔሊም ይቅርታ ጠየቀ። ከድርጊቱ እስከ ቃሉ 60 ዓመት! እንግዲህ «እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም» ሲል ላይዋሽ ይችላል። እዚያ መሆንና ማየት አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰሜን ሸዋ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ብትያዝም ሸዋ አልተያዘም። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ አንኮበር የአርበኛ አገር ሆነ። ራስ አበበ አረጋይ እስከ ድል ድረስ እዚህ ተራራና ገደል ውስጥ ነው የኖሩት። አውሮፕላን ይፈልጋቸዋል፣ አገሩ ይሸሽጋቸዋል። አገራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና እግርህ ሥር ሺህ ሜትር ገደል ይከፈታል። ገደሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ ዋሻ አለ። ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን አይገባም።

በ1931 ዓ.ም. በመንዝ በኩል ዘረት በሚባል ቦታ፣ የራስ አበበ ተከታዮች የሆኑ አርበኞች ከቁስለኞች፣ ከሽማግሌዎች፣ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር አንድ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ገቡ። መሪያቸው ተሾመ ሽንቁጥ ነበሩ። የጣልያን ጦር ከበባቸው። መትረየስና መድፍ አላስወጣቸውም። ያን ጊዜ የኬሚካል ክፍል መጣ። ለአውሮፕላን የተሠራውን ያንን ሲ 500 ቲ ቦምብ ከፈቱት፤ ውስጡ ያለውን መርዝ ትንንሽ በርሜል ውስጥ ገለበጡት፤ ከገደሉ አናት በገመድ ወደ ዋሻው አፍ አወረዱትና አፈነዱት።

እስቲ አስቡት። አውሮፕላኗ ልትገባ ያልቻለችበት ቦታ ሆዷን በገመድ ላኩላት።

መሪያቸውን ጨምሮ ጥቂቶች በሌሊት አመለጡ። የቀሩት ከሞቱትና ከታመሙት ጋር ቆይተው በመጨረሻ እጅ ሰጡ። እጅ ከሰጡት ውስጥ እስከ 800 የሚደርሱ ወንዶች በቡድን በቡድን እየተደረጉ ተረሸኑ። ቀኑ ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ነው። አንድ ቀን ይህን ለክፍል ሳዘጋጅ ባሕረ ሐሳቡን ይዤ ቆጠርኩ። የ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ 1 እሑድ ነው። ፋሲካ ነው። ዋሻው ውስጥ የነበሩት ሁዳዴውን ጾመው የጨረሱ ሰዎች ናቸው።

ይህም ታሪክ ለረጅም ጊዜ በአካባቢው ሽማግሌ አፍ ብቻ ነበር የኖረው። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣልያናዊ ተመራማሪ ከሠራዊታቸው መዝገብ ቤት ሰነዱን አገኘ፤ በ1998 ዓ.ም. መጥቶም ዋሻውን አየ። ቀጥሎም የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ገብተው አጠኑት። ያገኙት ምን መሰላችሁ? የሰው አጽም፣ የተተኮሰ ቀለህ፣ ሸክላና የእህል ማስቀመጫ። የቤት ዕቃ! ሰዎቹ ቤታቸውን ይዘው ነበር የገቡት።

እዚህ ላይ ካቆምኩ ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር፤ እነሱ ከላይ፣ እኛ ከታች ብዬ እዘጋው ነበር። ግን የታሪክ አስተማሪ ግማሹን ብቻ መናገር የለበትም።

ከድል በኋላ እኛም ቦምብ ጣይ ገዛን። ከ1940 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ከስዊድን ከ40 በላይ ሳብ 17 አውሮፕላኖች መጥተው ቢሾፍቱ ሰፈሩ። አየር ኃይላችንን ያቋቋሙት ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን፣ በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልሱ የነበሩ ሰው ናቸው። አገር ሰማዩን መጠበቅ አለበት፤ ተገቢ ነው። ሆኖም ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የራሳችን አውሮፕላኖች በገበያ ቀን ሐውዜንን ደበደቡ። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። አብራሪዎቹ ኢትዮጵያውያን፣ ገበያተኛውም ኢትዮጵያዊ። እዚያ የነበሩ እናቶችስ ነጠላቸውን የት ያሰጡ ይሆን?

ዛሬም የሰማይ ድምፅ ሲሰማ ጠመኔውን ትቼ የምጠብቃቸው፣ መስኮት መስኮት የሚያዩ ተማሪዎች አሉኝ። ከዚህ በላይ አልጨምርም።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ የጻፍኩለት ይኸው ነው፦

«ልጄ፣ ማማሯን ብትናገር ነውር የለበትም። የሠራት ሰው እጅ ጎበዝ ነበር፤ ያደሳትም እንደዚያው። አንተም ከልጅነትህ ጀምሮ ሞተር የሚገባህ ሰው ነህ፤ ዓይንህን አትውቀሰው። ግን ሙዚየም ያለች አውሮፕላን ሆዷ ባዶ ነው። ከጎን ብቻ አይተህ አትመለስ። ዝቅ በልና ከሥር እያት። የቦምቡ በር የት ነው? ስንት ይይዛል? የት ሄዶ ወረደ? ከዚያ ደግሞ የአብራሪው ወንበር ላይ ራስህን አስቀምጥ፤ ከዚያ ምን ይታያል፣ ምን አይታይም ብለህ ጠይቅ። ሦስቱንም ስታይ ነው አየኋት የምትለው። አጠገብህ ጣልያናዊ ልጅ ቆሞ ሲያደንቅ ካየህም አትጣላው። ስለ ዘረት ንገረው። ማንም አልነገረው ይሆናል።»

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰልኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ ዘረትን አይተውታል?»

አላየሁም። ይኸው ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር፣ እዚሁ ሸዋ ውስጥ ሆኜ አልሄድኩም። አንድ ዓመት ትምህርት በዛ፣ አንድ ዓመት ገንዘብ የለም፣ አሁን ደግሞ መንገዱ። እሱ ባሕር ተሻግሮ የነሱን አውሮፕላን ቆሞ አየ፤ እኔ የኛን ዋሻ ከወረቀት ላይ ነው የማስተምረው። ያመመኝ ይኼ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ጥቂት ተማሪዎች ይዤ እሄዳለሁ። ሻማም እንይዛለን።

እስከዚያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ የሰፈር ሽማግሌ ያላችሁ፣ ስለ «ያ ጊዜ አውሮፕላን» ጠይቋቸው። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፤ ለትልቅ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው። እንዴት ይጋገር ነበር፣ ልብስ የት ይሰጣ ነበር፣ ከብቶቹስ የት ይገቡ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ከሥር ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነበዋለሁ። ያንን ዘመን ያዩት በጣም ጥቂት ቀርተዋል። የኔዋ ሄዳለች፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኳት።

ቸር ያሰማን።